ያልተመረቀው ማኅተም

ለክቡር አቶ ሀብታሙ ጥሩነህ፣
የ«አዲስ ምዕራፍ» የታዳጊዎች ማነጫ ማዕከል የትምህርት ማሻሻያ ፕሮግራም ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር።

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ከፍ ያለ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ይህ የነሐሴ ዶፍ ጉንፋን ሳያስይዝዎ፣ የከተማችን ጭቃም ያን የሚያብረቀርቅ ጫማዎን ሳይደፍረው ደብዳቤዬ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎ የሚያሳስበው እኔን ብቻ አይደለም። በእርስዎ ጥበቃ ሥር ያሉ ዘጠኝ ልጆች አሉ፤ ክቡርነትዎ አንድ ቀን ቢታመሙ እነሱን የሚረሳቸው ሰው ማን ይሆናል?

ሙሐዲን እንድሪስ እባላለሁ፤ በደብረ ታቦር ገበያ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን በሚገባ አውቅዎታለሁ። ከመሥሪያ ቤቶች የሚወጣውን አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛሁ በርበሬና ጨው የምጠቀልልበት እኔ ስለሆንሁ፣ የቢሮዎን ዕቅድና ሪፖርት ሁሉ ከመቅደዴ በፊት አንብቤዋለሁ። እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበብሁልዎት ሰው ምናልባት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን በመካከላችን የቆየ ዝምድና እንዳለ እንዲያውቁልኝ ነው። ስለ ጥራታቸው ከተጠየቅሁም ዓመታዊ ዕቅድዎ ወፍራም ስለሆነ ለበርበሬ ይሆናል፤ የሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ግን ጨው ሲነካው ቶሎ ይረጥባል። ፎቶግራፍዎ ያለበት የሚያንጸባርቀው መጽሔት አልታጠፍ ስላለኝ ለምንም አልሆነኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ስሟን የምጠራው እሷም እናቷም ፈቅደውልኝ ነው። ሕይወት ትባላለች፤ ገሳይ የምትባለው ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ አጎቷ ይርጋ ሰባተኛ ክፍል ለሴት ልጅ ይበቃል ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀራት፤ እሷም በአሥራ አራት ዓመቷ ክብሪት ጭራ የአጎቷን የገብስ ጭድ ክምር አነደደችው። ሰው አልተጎዳም፣ ቤትም አልተቃጠለም፤ የሁለት በሬ የክረምት ቀለብ ግን አመድ ሆነ። ጥፋት ነው፤ እሷም ፍርድ ቤት ቀርባ አልካደችም። ዳኛው የሁሉንም ቃል ሰምተው፣ ማዕከሉ ገብታ እንድትማርና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወስዳ ውጤቷን ይዛ በቀረበች ቀን ወደ እናቷ እንድትመለስ አዘዙ። እናቷ ብዙነሽ፣ እኔ እቴ የምላት፣ ነጭ ሽንኩርቷን ሱቄ ደጃፍ አውርዳ የምትሸጥ የቅዳሜ ደንበኛዬ ናት። ዳኛው ከችሎቱ ከመነሣታቸው በፊት ለልጅቱ ያሉትን ቃል በቃል ይዛዋለች፦ «ልጄ፣ ፈተናሽን ተፈትነሽ ነይ፤ በሩን ራስሽ ትከፍቺዋለሽ።»

እንግዲህ ያ በር ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተከፈተ ለመግለጽና ለዚህም የሚገባዎትን ምስጋና ለማቅረብ ነው የተነሣሁት። ቢሮዎ ቁጥር የሌለውን ጽሑፍ እንደማያነብ ከሪፖርቶችዎ ስለተማርሁ ምስጋናዬን በቁጥር አደርገዋለሁ።

፩ኛ. ስለ መምህሩ። ፕሮግራምዎ ከመምጣቱ በፊት መምህር ጥላዬ የሚባሉ ሰው በሳምንት አራት ቀን ጠመኔያቸውን በኪሳቸው ይዘው፣ ከከተማው እስከ ማዕከሉ ያለውን ዳገት በእግራቸው ወጥተው፣ ለልጆቹ ሒሳብና ሳይንስ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ክቡርነትዎ መስከረም ላይ ሥራ እንደጀመሩ እኒህን ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገሏቸው። ምክንያቱ ደግሞ አጥጋቢ ነው፤ የታዳጊዎች አያያዝ የአምስት ቀን ሥልጠና የምስክር ወረቀት የላቸውም። ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ ቢጠይቁ ገና እየተቀረጸ ነው ተባሉ። በእሳቸው ምትክ ልጆቹ ራስን የማወቅ፣ በጎ በጎውን የማሰብና ጊዜን በአግባቡ የመጠቀም ሥልጠና ተሰጣቸው። በተለይ ይህ የመጨረሻው አንጀቴን አርሶታል፤ ከአንድ ግቢ ወጥተው የማያውቁ፣ ከግድግዳ በቀር የሚያዩት የሌላቸው ልጆች ጊዜያቸውን እንዳያባክኑ ማሰብ የታላቅ አእምሮ ሥራ ነው። ሒሳብም በሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ሚጥሚጣ ልጠቀልልበት ስል እንዳነበብሁት፣ «በታዳጊዎች ላይ አላስፈላጊ ጫና የሚፈጥር» ተብሎ ቀርቷል። የልጆቹ ትኩረት ለምን እንደሚበተን ለማጥናትም ሃያ ሦስት ሰዎች ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አምስት ቀን ተቀምጠዋል። ከሃያ ሦስቱ አንዱም አስተማሪ አልነበረም፤ ነገሩን በገለልተኛነት ለማየት ይህ ይረዳል።

ሕይወት በዚህ መካከል ጫናውን በራሷ ላይ ስትፈጥር ከረመች። መምህር ጥላዬ ትተውላት የሄዱትን የሒሳብ መጽሐፍ ከፍራሿ ሥር ደብቃ ትሠራ ነበር፤ እርሳስ ሲያልቅባት እናቷ በበሶው ከረጢት ውስጥ አድርጋ ታስገባላት ነበር። ይህን የምነግርዎ እንዲቀጧት አይደለም፤ መጽሐፉ አልቋል።

፪ኛ. ስለ ዴስኮቹ። ኅዳር ላይ አርባ አዳዲስ ዴስኮች መጡ። ለዘጠኝ ልጆች አርባ ዴስክ የሚያመጣ መሥሪያ ቤት ለወደፊቱ ምን ያህል እንደሚያስብ ማንም ይረዳዋል። ዴስኮቹ ግን እስከ ፕሮግራሙ ምርቃት ቀን እንዳይጫሩ ከነላስቲካቸው ይቀመጡ ተባለና ልጆቹ ሰባት ወር ሙሉ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ዴስኮቹ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ተማሩ። አንዱ ልጅ ክርኑን ቢያሳርፍ ዘበኛው ይቆጣው ነበር። ሪፖርትዎ «የመቀመጫ እጥረት ሙሉ በሙሉ ተቀርፏል» ይላል፤ እውነት ነው፣ ሲሚንቶው ለሁሉም በቅቷል።

፫ኛ. ትምህርቱን ያቋረጠ አንድም ተማሪ ስለሌለ። ይህን በሁለት ገጽ ሠንጠረዥ አስደግፈው አቅርበውታል፤ ከዚያም በላይ አርፍዶ የመጣ የለም፣ የቀረም የለም። በዞናችን ከአንበሳሜ እስከ ይፋግ ያሉ ርዕሳነ መምህራን ተማሪ በመኸር ጊዜ ይቀርብናል እያሉ ሲያማርሩ፣ እርስዎ በሩን ከውጭ በመቆለፍ ብቻ መፍትሔውን አግኝተውታል። ይህን የመሰለ ጥበብ በአንድ ግቢ ተወስኖ መቅረት የለበትም ባይ ነኝ።

፬ኛ. ስለ ሹራቡና ስለ ቅጾቹ። እዚህ ላይ ትንሽ አስረዝማለሁ፤ ይታገሡኝ።

ጥር ላይ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች መመዝገቢያ ቅጽ መጣ፤ ዘጠኙም ልጆች ሞሉት። ፎቶግራፉ የደንብ ልብስ የለበሰ ይሁን ስለተባለና በማዕከሉ የተገኘው የደንብ ልብስ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ብቻ ስለነበረ፣ ልጆቹ ያንኑ ሹራብ እያወለቁ፣ እየተቀባበሉና እያጠለቁ አንድ በአንድ ተነሡ። ለትልቁ ልጅ እጅጌው አጥሮታል፤ ለሕይወት ደግሞ አንገቱ ሰፍቷት ሹራቡ ከትከሻዋ ሊወርድ ደርሷል። ፎቶግራፎቹን በዓይኔ ስላየኋቸው ነው እንዲህ የምናገረው፤ እንዴት እንዳየኋቸው ወዲያው እነግርዎታለሁ። ቅጾቹ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለመድረስ የጎደላቸው አንድ ሸኚ ደብዳቤ ነበር። ክቡርነትዎ ደብዳቤው የፕሮግራሙ አዲስ አርማ ባለበት ወረቀት እንዲጻፍ አዘዙ፤ አርማው ደግሞ ገና እየተሣለ ነበር። ቅጾቹ የካቲትን፣ መጋቢትንና ሚያዝያን መደርደሪያ ላይ አሳለፉ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ምርቃቱ ስለደረሰ ቢሮው ይጽዳ ተባለና፣ መደርደሪያው ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ተሸጠ። የገዛሁት እኔ ነኝ።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ሳላነብ አልጠቀልልም ብዬ ከላይ የፎከርሁት ሰውዬ፣ ያን የሰኔ ቅዳሜ ገበያው ስለበዛብኝ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እየሳብሁ እጠቀልል ነበር። ብዙነሽ ሽንኩርቷን ሸጣ፣ ለልጇ የቋጠረችውን በሶ ይዛ ወደ ማዕከሉ ልትሄድ ስትል ለበሶው የሚነሰነስ ጨውና ሚጥሚጣ ጠየቀችኝ፤ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቆመች። ማንበብ አትችልም፤ የልጇን ፊት ለማወቅ ግን ፊደል አያስፈልጋትም። ተመልሳ ጥቅሉን ሚዛኔ ላይ አስቀመጠችና «አያ ሙሐዲን፣ በልጄ ላይ ነው እንዴ የጠቀለሉልኝ?» አለችኝ።

ክቡርነትዎ በዕድሜዎ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ሱቄን ዘግቼ ከረጢቱን መሬት ላይ ዘረገፍሁት፤ ከዘጠኙ ቅጾች የሕይወትን ጨምሮ አምስቱ ተገኙ። አራቱን ጠቅልዬ ሸጬአቸው ነበር። አንዱን ምግብ ቤት ያላት ዘነበች በማግስቱ በበርበሬ የቀላውን ይዛልኝ መጣች፤ ሦስቱ ግን የማን ምድጃ ውስጥ እንደገቡ አላህ ይወቅ። የሦስቱን ልጆች ስም እንዲነግሩኝ ለቢሮዎ በጽሑፍ አመለከትሁ። የታዳጊዎቹን ክብር ለመጠበቅ ሲባል ስማቸው እንደማይገለጽ የሚያስረዳ ጨዋ መልስ ደረሰኝ። ከነፎቶግራፋቸው በኪሎ ከተሸጡ በኋላ ክብራቸው ትዝ ማለቱ ልቤን ነክቶታል። ስማቸውን በኋላ ሕይወት ነግራኛለች፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፣ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ክብራቸውን እንጠብቅላቸው።

፭ኛ. ስለ ማኅተሙ። ፈተናው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ረቡዕ የሚጀምር ነበር። የሆነውን ስነግራቸው፣ ሰኞ ጠዋት መምህር ጥላዬ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ለመኑ። ምዝገባው ቢያልፍም፣ ልጆቹ የማዕከሉ ተማሪዎች መሆናቸውን የሚገልጽ ባለማኅተም ደብዳቤ እስከ ማክሰኞ ማታ ከመጣ ለመጠባበቂያ በተያዘው ወንበርና ወረቀት እንደሚያስቀምጧቸው የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ቃል ገቡላቸው። የተጠየቀው ይኸው ነበር፤ አንድ መስመርና አንድ ማኅተም። ሁለታችን ስድስቱን ቅጾች ይዘን፣ በበርበሬ የቀላውንም ጭምር፣ ቢሮዎ መጣን። በፈገግታ ተቀበሉን፤ ላስቲኩ ያልተነሣለት ወንበር ላይ አስቀመጡን። መምህር ጥላዬ ፈተናው ረቡዕ መሆኑን፣ ሕይወትም በዚህ ፈተና ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱ። እርስዎም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «አሮጌው ማኅተም ተሰርዟል፤ አዲሱ ገና አልተመረቀም» አሉን።

አዲሱ ማኅተም ጠረጴዛዎ ላይ ነበር። ቀይ ጨርቅ ለብሶ፣ ከሚቆረጠው ሪባንና ከመቀሱ ጎን ተቀምጦ አይቼዋለሁ፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። መምህር ጥላዬ ወንበራቸውን ትተው እግርዎ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን የያዝኋቸው እኔ ነኝ። ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ሐኪምና መሐንዲስ የሆኑላቸው ሰው ለአንዲት የጎማ ቁራጭ ሲንበረከኩ ማየት አልፈለግሁም። እርስዎ ሰዓትዎን አዩ። ማኅተም ሳይመረቅ ወረቀት ላይ ቢያርፍ በአገር ላይ ምን ዓይነት አደጋ እንደሚያስከትል እኔ የቅመም ነጋዴ ከየት አውቄው? ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

፮ኛ. ስለ ምርቃቱ። የክብር እንግዳው የሚመቻቸው ረቡዕ ስለነበረ ምርቃቱም ረቡዕ ሆነ። ለምሳው የታዘዘውን በርበሬና ኮረሪማ ያደረስሁት እኔ ስለሆንሁ የበዓሉን መጀመሪያ ለማየት በቅቻለሁ፤ ስለ ግብዣው እግዜር ይስጥልኝ። ዴስኮቹ ላስቲካቸው ተቀዶላቸው ደምቀዋል። ለዘጠኙ ልጆች ዘጠኝ አዳዲስ ሰማያዊ ሹራቦች መጥተዋል፤ ለካ ሹራብ በአገሩ አልጠፋም። ልጆቹ ከማለዳ ጀምሮ ታጥበው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ባዶ ደብተር ተዘርግቷል፤ ፎቶ አንሺው ሲመጣ የሚጽፉ እንዲመስሉ ተነግሯቸዋል። እንግዳው በሰዓታቸው ደረሱ። የዘገዩት እርስዎ ነበሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ። የዘገዩበትን ምክንያት ያኔ ስላላወቅሁ በልቤ ታዝቤዎት ነበር፤ ለዚህ ይቅርታ ወደመጠየቁ በኋላ እመለሳለሁ። ልጆቹ እርስዎ እስኪመጡ እንግዳው እንዳይሰለቹ የእንኳን ደህና መጡ መዝሙሩን ሦስት ጊዜ ዘመሩት።

ሕይወት ከፊት ረድፍ ነበረች። የበርበሬውን ከረጢት ተሸክሜ በመስኮቱ ሳልፍ ዓይታኝ «አያ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ሰዓት አልኋት። «ሒሳብ ጀምረዋል» አለችና ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። የምትጽፍ መስላ ነበር፤ እንደተነገራት። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ የዚያን ዕለት ያህል ራሴን የጠላሁበት ቀን አላስታውስም። ከረጢቱን እዚያው ጥዬ፣ እጇን ይዤ፣ ያን በር ሰብሬ እስከ ፈተናው ትምህርት ቤት ላስሮጣት ይገባኝ ነበር። አላደረግሁትም፤ በርበሬውን አስረክቤ ወጣሁ።

የቀረውን ወጥ ቤት የነበሩት ሴቶች እንደነገሩኝ፣ አምስት ሰዓት ላይ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቀዩ ጨርቅ ተነሣ፣ ማኅተሙ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ማኅተሙ በዚህ ዓለም የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው ለዘጠኙ ልጆች የተዘጋጀውን የተሳትፎ የምስክር ወረቀት መምታት ነው። እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ሲሄዱ ሹራቦቹ ከልጆቹ ላይ ተሰብስበው ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ፤ ለሚቀጥለው እንግዳ።

፯ኛ. ስለ እውነተኛነትዎ። ሐምሌ ላይ ብዙነሽ ልጇን ይዛ ዳኛው ፊት ቀረበች። ነጠላዋን አጥባ፣ ለመመለሻው የሁለት ሰው መሳፈሪያ ይዛ ነበር የመጣችው። ሕይወት የተሳትፎ የምስክር ወረቀቷን ሰጠች። ዳኛው አገላብጠው ካዩት በኋላ የፈተናው ውጤት የት አለ ብለው ጠየቁ። መልሱ ከእርስዎ በተላከ፣ በአዲሱ ማኅተም በደመቀ ደብዳቤ ተነበበ፦ ፈተናው በተባለው ቀን መሰጠቱን ማዕከሉ አላወቀም። እኔና መምህር ጥላዬ ሰኞ ዕለት መጥተን መንገራችንም በጎብኚዎች መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ስለሆነ በማስረጃነት ሊያዝ አይገባም። መዝገቡ ያን ሰኞ ለምን ባዶ እንደነበረ እኔ አስታውሳለሁ፤ እሱም አልተመረቀም ነበር።

ዳኛው ጨዋ ሰው ናቸው። ማዕከሉ እያወቀ ልጅቱን ከፈተና አስቀርቷት ቢሆን ኖሮ ትዕዛዛቸውን አሻሽለው ከእናቷ ቤት ሆና እንድትማር ሊፈቅዱላት እንደሚችሉ፣ አላወቅንም እስከተባለ ድረስ ግን እስከሚመጣው ዓመት ፈተና እዚያው እንደምትቆይ ተናገሩ። ለመናገር እጄን ባነሣ ማስረጃ ያለው ሰው እስከ መስከረም ሃያ በጽሑፍ ያቅርብ አሉኝ። ብዙነሽ የሁለት ሰው መሳፈሪያ ይዛ መጥታ ብቻዋን ወደ ገሳይ ተሳፈረች። በሱቄ በኩል ስታልፍ አላለቀሰችም፤ የሚመጣው ዓመት ፈተና ምዝገባ መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ጥር ነው አልኋት። እስከዚያ አርማ እንዳይቀየር አደራ እላለሁ።

እነሆ ምስጋናዬን ፈጸምሁ። ልመናዬ ከዚህ ሁሉ ያጠረ ነው። የሚመጣውን ዓመት በተመለከተ፣ ስድስቱን ቅጾች ሱቄ ውስጥ ከሚዛኔ ጀርባ ባለው ሳጥን ቆልፌባቸዋለሁ፤ የጠፉትንም ሦስቱን መምህር ጥላዬ ያስሞላሉ፤ ጥር ሲደርስ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምናደርሳቸው እኛ ራሳችን ነን። ከክቡርነትዎ የምንፈልገው መምህር ጥላዬ ጠመኔያቸውን ይዘው በበሩ እንዲገቡ እንዲፈቅዱላቸው ብቻ ነው። ሥልጠናው ተቀርጾ ካለቀ እኔ ራሴ እሠለጥንላቸዋለሁ። ስለ ሕይወት ግን ከእርስዎ ምንም አልለምንም፤ ስለ እሷ የምለምነው ዳኛውን ነው፤ ለዚህም ነው ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነው።

ላሳየሁት ድፍረት ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ሪባንዎ ሁልጊዜ የሚቆረጥ፣ መቀስዎ ሁልጊዜ የተሳለ፣ እንግዳዎም በሰዓቱ የሚደርስ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ የጽሑፍዎ የዘወትር አንባቢና የወረቀትዎ ታማኝ ደንበኛ ሆኜ እቀጥላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሙሐዲን እንድሪስ
የቅመማ ቅመም ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለጉዳዩ ዳኛ፣ ከስድስቱ ቅጾች ፎቶ ኮፒ ጋር፤
ለመምህር ጥላዬ፣ የፊደል ስሕተት ካለ እንዲያርሙልኝ፤
ለብዙነሽ፣ ቅዳሜ ስትመጣ ራሴ አነብላታለሁ፤
ለገበያው ሕዝብ፣ በየጥቅሉ።

ማስታወሻ፦ ልጅዎ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን በከፍተኛ ውጤት ስላለፈች እንኳን ደስ ያለዎት። ይህን የነገሩኝ ባለፈው ሳምንት ለድግሱ ቅመም ሊገዙ የመጡት ባለቤትዎ ናቸው፤ በልጅቱም በእናቷም ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ በደስታ ላይ ያለች እናት እውነቱን ትናገራለች። ያን ረቡዕ ጠዋት ክቡርነትዎ የክብር እንግዳዎን አስጠብቀው ልጅዎን በቢሮው መኪና እስከ ፈተናው ትምህርት ቤት በር እንዳደረሷት፣ ሁለት እርሳስና መቅረጫ በእጅዎ እንደሰጧት፣ ደውል ተደውሎ እስክትገባም ቆመው እንደጠበቋት ባለቤትዎ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ አጫወቱኝ። ስለ መዘግየትዎ በልቤ ስለታዘብሁዎት ከላይ ቃል የገባሁትን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ደግ አባት ነዎት። መስከረም ሃያ ቀርበው ይህንኑ እንዲናገሩልኝ የባለቤትዎን ስም ለዳኛው በምስክርነት አስይዣለሁ። ሕይወት በመስኮቱ ሰዓት ስትጠይቀኝ እርስዎ ከዚያ በር ላይ መመለስዎ ነበር፤ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ያውቁት ነበር።